ቤተሰብና የሰው ለሰው ግንኙነት

«እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» ይባላል። አባቶቻችን ይህን ያሉት በከንቱ አይደለም። ልጅ ጠባዩን ከቤት ይዞ እንደሚወጣ በኑሯቸው ስላዩ ነው። እኛም ይህንኑ ነገር በዩኒቨርሲቲ እንማረዋለን። ትምህርቱ ሶሲዮሎጂ ይባላል። ሶሲዮሎጂ ማለት ሰዎች አብረው እንዴት እንደሚኖሩ የሚያጠና ትምህርት ነው። ትዳርን፣ የልጅ አስተዳደግን፣ ጉርብትናን፣ ዕድርን፣ ደቦን ይመረምራል። ለዚህም ጥናት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያይ ዐይን፣ የሚሰማ ጆሮና ትዕግሥት ይበቃል።

እስቲ አንድ ቤት አብረን እንመልከት። ጊዜው ማታ ነው። አባት ከእርሻ ገብቶ መደብ ላይ ተቀምጧል። ወንዱ ልጅ ከብቶቹን አስገብቶ አጠገቡ ቁጭ ብሏል። እናት ውሃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም ውላለች። አሁን ደግሞ የባሏን እግር ታጥባለች። ሴቷ ልጅ ኩራዝ ይዛ ቆማለች። ራት ሲቀርብም አስቀድሞ የሚበላው አባት ነው።

በዚህ ቤት ልጆቹን ቁጭ አድርጎ ያስተማረ የለም። ልጆቹ ግን ተምረዋል። ወንዱ ማዘዝን ተማረ። ሴቷ መታዘዝንና ዝም ማለትን ተማረች። ነገ ትዳር ሲይዙ ይህንኑ ይደግሙታል።

ታዲያ ቤት የሚያስተምረው ክፉውን ብቻ ነው? አይደለም። አባቱ ለደቦ ሲወጣ፣ እናቱ ለአራስ ጎረቤቷ ገንፎ ስትወስድ ያየ ልጅ መረዳዳትን ይማራል። ወላጆቹ ሲጣሉ በሽማግሌ ሲታረቁ ያየ ልጅ፣ ዱላ ከማንሣቱ በፊት ያስባል።

ዶናልድ ሌቪን የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር የመንዝን ገበሬ ኑሮ አጥንቷል። መጽሐፉን ያሳተመው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። ልጅ በቤቱ አጥብቆ የሚማረው ታላቁን ማክበርና መታዘዝ መሆኑን ጽፏል። ታላቅን ማክበር መልካም ነው። ነገር ግን አባቱን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ የሚፈራ ልጅ፣ አድጎም በስብሰባ ላይ ሐሳቡን መናገር ሊከብደው ይችላል።

«ልማዳችን ነው፣ ምን ይደረግ?» የሚሉ አሉ። ልማድን የሠራው ሰው ነው። ሰው የሠራውን ሰው ይለውጠዋል። ሕጉን እንይ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። የቤተሰቡ አለቃ ባል ነው ይልም ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አደረገ። ባልና ሚስት በትዳራቸው እኩል መብት እንዳላቸውም ደነገገ። እንደ አማራና ኦሮሚያ ያሉ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።

ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን ጓዳ አይገባም። ጓዳውን የሚለውጡት ባለቤቶቹ ናቸው። ወንዱ ልጅ ውሃ ይቅዳ። ሴቷ ልጅ ትምህርት ቤት ትሂድ። ሁሉም በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጥ።

ተረቱም ቢሆን ጎደሎ አለው። «እናቷን አይተህ» ይላል እንጂ «አባቱን አይተሽ» አይልም። ልጃችሁን ስትድሩ የአማቿን ሀብትና በሬ ትጠይቃላችሁ። ሚስቱን እንዴት እንደሚይዝስ ጠይቃችኋል? የልጃችሁ ባል ትዳርን የተማረው ከእሱ ነውና።

ለውይይት፦
1. በቤታችሁ ከሁሉ በኋላ የሚተኛ ማን ነው? ለምን?
2. ልጆቻችሁ ከእናንተ አይተው የተማሩት አንድ መልካም ነገር ምንድን ነው?
3. እንዲወርሱ የማትፈልጉትስ?