የተቃጠለ ትራንስፎርመር ዘይት ለምንም አይሆንም

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «የተቃጠለ ትራንስፎርመር ዘይት ለብየዳ ማሽን ይሆናል ወይ?» ከማጀቴም ከሸዋ ሮቢትም ጠይቃችሁኛል። አጭሩ መልስ፣ አይሆንም። ለብየዳ ማሽንም፣ ምስጥ ለሚበላው ማገርም፣ ለከብት እከክም አይሆንም። ረዘም ያለውን መልስ ዛሬ ልጻፈው፤ ዘይቱን የጠየቀ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ስለ መዳቡ መሆኑን አውቃለሁና።

ሰው ትራንስፎርመርን የሚፈራው ምሰሶ ላይ ሳለ ነው። ላዩ ላይ 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ስላለ መፍራቱ ልክ ነው። ተቃጥሎ መሬት ከወረደ ግን ማንም አይፈራውም፤ ልጆች ይቀመጡበታል፣ በግ ይታሰርበታል። ጦርነት ባለፈበት አገር ደግሞ ታንኩን ጥይት የበሳው፣ ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ አፈሩን ያጠቆረ ትራንስፎርመር ማየትም ብርቅ አይደለም። ያ ዘይት ጎርፍ ሲመጣ የሚሄደው ወደ ወንዙ ነው። በዚያው ወንዝ ደግሞ ሽንኩርትና ማሾ እናጠጣለን።

ዘይቱ ውስጥ ምን አለ? በአብዛኛው ተራ የማዕድን ዘይት ነው። የሚያሳስበው ፒሲቢ የሚባለው ኬሚካል ነው። ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዛት ተመረተ፤ በቀላሉ እሳት ስለማይዘው ለትራንስፎርመርና ለካፓሲተር ተመራጭ ሆነ። አሜሪካ ማምረቱን የከለከለችው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። የቆቃ ኃይል ማመንጫ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ በኋላም አዋሽ ሁለትና ሦስት ሲከተሉ፣ ይህ ኬሚካል በዓለም ገበያ እንደልብ የሚሸጥበት ዘመን ነበር። የመሣሪያው ስም ሰሌዳ ላይ አስካሬል፣ ፒራሌን፣ ክሎፌን ወይም አሮክሎር የሚል ካነበባችሁ እጃችሁን ሰብስባችሁ ዞር በሉ።

ሰሌዳው ምንም ባይልም ነፃ ነው ማለት አይደለም። በጥገና ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ዘይት ይጨመራል፣ በአንድ የማጣሪያ ማሽን የብዙ ትራንስፎርመር ዘይት ያልፋል፤ ብክለቱም አብሮ ይዞራል። በአንድ ኪሎ ዘይት ውስጥ 50 ሚሊግራም ፒሲቢ ከተገኘ በዓለም አቀፍ ደረጃ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይያዛል። ይህን ዓይንም አፍንጫም አይለይም። «ውሃ ላይ ጠብ አድርገው፣ ከሰመጠ መርዝ ነው» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ንጹሕ ፒሲቢ ከውሃ ስለሚከብድ ይሰምጣል፤ የተበከለ ዘይት ግን እንደማንኛውም ዘይት ይንሳፈፋል፣ እናንተም ተሸወዳችሁ ማለት ነው። የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

በ1968 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ከአንድ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ቧንቧ ፒሲቢ ሾልኮ ከሩዝ ዘይት ጋር ተቀላቀለ። መጀመሪያ ያለቁት የተበከለ መኖ የበሉ ዶሮዎች ናቸው፤ በመቶ ሺዎች። ከዚያ ሰው ተከተለ፤ ፊትና ገላ ላይ የማይድን ብጉር፣ ጠቁረው የተወለዱ ሕፃናት። በኬንያ ደግሞ የተሰረቀ የትራንስፎርመር ዘይት ለድንች መጥበሻ ይሸጣል ተብሎ ከአሥር ዓመት በፊት ዜና ሆኖ ነበር። ይህ ዘይት እንደ ምግብ ዘይት ቶሎ አያልቅም፤ ለጠባሽ የተመቸውም ለዚህ ነው፣ ለተመጋቢው ምኑ ይመቻል!

«እናቃጥለውስ?» ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ሜዳ ላይ የተለኮሰ ፒሲቢ ወደ ዳይኦክሲንና ፉራን ይለወጣል፤ ከራሱ የባሱ መርዞች ናቸው። በትክክል የሚጠፋው ከ1,100 ዲግሪ በላይ በሚነድ ልዩ ምድጃ ነው። አገራችን ከሃያ ዓመት በፊት ከ1,000 ቶን የሚበልጥ ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ልካ ያስወገደችው እንዲህ ያለ ምድጃ እዚህ ስላልነበረ ነው። መዳብ ለማውጣት ሽቦ የሚያቃጥሉ ልጆችም ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

አሁን ትራንስፎርመሩን ወደ መፍታቱ። ሥራው የባለሙያ ነው፤ የምጽፈው በትክክል ሲሠራ አይታችሁ እንድትለዩት ነው።

መጀመሪያ ኃይሉ ከሁለቱም በኩል ይቆረጣል። ብዙ ሰው የላይኛው ፊውዝ ከተነቀለ ያለቀ ይመስለዋል። መብራት ሲጠፋ ጎረቤት ጄነሬተሩን ያለ መቀያየሪያ ቤቱ መስመር ላይ ቢሰካ፣ 220 ቮልቱ በታችኛው በኩል ገብቶ በላይኛው በሺዎች ቮልት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ መስመሩ በመሣሪያ ይፈተሻል፣ ከዚያ በሁለቱም በኩል ከመሬት ጋር ይያያዛል፤ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ካፓሲተር ደግሞ መስመሩ ተቆርጦም ኃይል ይይዛል። በሚገባ ከተራገፈ በኋላ እንኳ ጥቂት ቆይቶ መልሶ ቮልቴጅ ሊያበቅል ስለሚችል ጫፎቹ በሽቦ ተያይዘው ይቀመጣሉ።

ሁለተኛ፣ አንድ ብሎን ከመፈታቱ በፊት የዘይቱ ናሙና ይወሰዳል፤ ውጤቱ እስኪመጣ እንደተበከለ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ትዕግሥት የሌለው ሰው ሥራውን ቢተወው ይሻላል። ሦስተኛ፣ ታንኩ በግራይንደር ወይም በኦክስጅን አይቆረጥም። ውስጡ ብልጭታ የነበረበት ዘይት ሃይድሮጅንና አሴቲሊን ይፈጥራል፤ አንድ ብልጭታ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል። መጀመሪያ የታፈነው ጋዝ ይለቀቃል፣ ዘይቱም ጠርዝ ባለው ሲሚንቶ ወለል ላይ በፓምፕ ወደ ብረት በርሜል ይገለበጣል። በርሜሉ እስከ አፉ አይሞላም፤ በእኛ ቆላ ሙቀት ዘይቱ ይለጠጣል። ታንኩ ባዶ ሆነ ማለትም ዘይቱ አለቀ ማለት አይደለም። መጠምጠሚያው ውስጥ ያለው ወረቀትና እንጨት ጠጥቶታል፤ ለቀናት ይንጠፈጠፋል። የፈሰሰው በሰጋቱራ ይመጠጣል፣ ሰጋቱራውም ራሱ ታሽጎ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይቀመጣል። የቆዳ ጓንት ዘይት ይጠጣል፣ ናይትራይል ይሻላል። የሥራ ልብስ እቤት ተወስዶ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብም።

መዳቡ የሚነካው በመጨረሻ ነው፣ ካለ። ብዙዎቹ አዳዲስ ትራንስፎርመሮች መጠምጠሚያቸው አሉሚኒየም ነው፤ ሌሊት ሲደክም ያደረ ሌባ ሲነጋ የሚያገኘው እሱን ነው።

 

ሕግም አለ። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እንዲህ ያለውን ዘይት ይገዛል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የስቶክሆልም ስምምነትም ፒሲቢ ያለበት መሣሪያ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ከአገልግሎት እንዲወጣ፣ እስከ 2028 ደግሞ በአግባቡ እንዲወገድ ይላል። የግል ትራንስፎርመር ያላችሁ ባለወፍጮዎችና ባለሆቴሎች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል፤ ለቁራሌው መሸጥ ማስወገድ አይባልም። በእኔ እምነት ግን ትልቁ ጥፋት ሌባው ዘንድ አይደለም። የወረደ ትራንስፎርመር ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን በሳምንቱ ተነሥቶ አጥር ውስጥ ቢገባ ሌባውም ገዢውም ባልኖሩ። መሬት ላይ ተጥሎ ካያችሁ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል 905 ደውላችሁ አስመዝግቡ።

ለብየዳ የጠየቃችሁኝ፣ በዘይት የሚቀዘቅዝ ማሽን ካላችሁ ያልተከፈተ አዲስ የትራንስፎርመር ዘይት ግዙ፤ አቅም ካለ ደግሞ ዘይት የማይፈልገውን ኢንቨርተር። አሮጌውን ገዝቶ ያስቀመጠ ካለ ቦይ ውስጥ እንዳይደፋው። ጀሪካኑን ይክደን፣ ላዩ ላይ በትልቁ «መርዝ» ብሎ ይጻፍበት፣ ከእህልና ከውሃ አርቆ ጥላ ውስጥ ያኑረው፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ያ ጀሪካን ደግሞ ዳግመኛ ውሃ እንዳይቀዳበት።