የሰውነት ሚዛን ልምምድ
የሰውነት ሚዛን ልምምድ በዕድሜ የገፉ ሰዎች እንዳይወድቁ የሚረዳ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ነው። ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው ከዓይን፣ ከውስጥ ጆሮ እንዲሁም ከእግር ጡንቻና መገጣጠሚያ የሚመጣውን መልእክት አንጎል እያቀናጀ ነው። ዕድሜ ሲገፋ እነዚህ ሁሉ ይዳከማሉ፤ የእግር ጡንቻም ይሳሳል። ስለዚህ ወጣትን ብቻ የሚያንገዳግድ እንቅፋት አረጋዊን ጥሎ የዳሌ አጥንት ሊሰብር ይችላል። አንዴ የወደቀ ሰው ደግሞ ፈርቶ መንቀሳቀስ ይተዋል፤ መቀመጥ እግርን ስለሚያደክም ፍርሃቱ ራሱ ለሌላ መውደቅ ያጋልጠዋል።

በደንብ ከተጠኑት ልምምዶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኒውዚላንድ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ነው። ተሳታፊዎች በሳምንት 3 ጊዜ፣ ለ30 ደቂቃ ያህል፣ በቤታቸው ይሠሩታል። ቁርጭምጭሚት ላይ ክብደት አስሮ እግርን ማጠንከር፣ በአንድ እግር መቆም፣ ተረከዝን ከሌላው እግር ጣት ጋር እያገናኙ መራመድና ከወንበር ደጋግሞ መነሳት ይገኙበታል። በ4 ጥናቶች በተሳተፉ 1,016 ሰዎች ዘንድ የመውደቅ ብዛት በ35 በመቶ ቀንሷል።

የእግር ጉዞ ለልብ ቢጠቅምም ብቻውን መውደቅን ለመከላከል አይበቃም፤ ልምምዱ ሚዛንን የሚፈትን መሆን አለበት። ጀማሪ ከማይነቃነቅ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ በሁለት እጁ ይደገፋል፤ ሲለምደው በአንድ እጅ፣ ኋላም ያለ ድጋፍ ይሠራል። የሚያዞረው ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ይኖርበታል፤ መንስኤው የሚወስደው የደም ግፊት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ልምምዱ ሲቋረጥ ጥቅሙም ቀስ በቀስ ይጠፋል።