ዕቃው ሳይለወጥ ሥራው የሚታደስ የሳተላይት መቀበያ

የሳተላይት ምልክት ተቀብሎ ሥፍራን የሚያመለክት መሣሪያ በመርከብ፣ በአይሮፕላን፣ በጭነት መኪናና በመሬት ቅየሳ ሥራ ላይ የሚውል መሆኑ የታወቀ ነው። ይህን ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ጉዳይ፣ ሳተላይቶቹ አዲስ ምልክት ማሰራጨት ሲጀምሩ በመደብሩ የተከማቸው ዕቃ ዋጋ ያጣል ወይስ አያጣም የሚለው ነው።

በተለመደው መቀበያ ምልክቱን ፈልጎ የሚያገኘው ለዚሁ ተግባር ብቻ የተሠራ ቺፕ ሲሆን፣ አሠራሩም ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ በቀላሉ አይለወጥም። በሶፍትዌር በሚሠራው መቀበያ ግን አንቴናው የያዘው ሞገድ ተጣርቶና ጎልብቶ፣ በሰከንድ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ እየተለካ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ የቀረውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ይፈጽመዋል። ዴኒስ ኤኮስ በአሜሪካ በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን በዚህ አሠራር ላይ ያቀረበው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው።

ሥራው ቀላል አይደለም። የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ስለሚዞሩ፣ ምልክታቸው ሲደርስ ከመቀበያው ከራሱ ሁካታ ያነሰ ነው። ለሕዝብ አገልግሎት የተመደበው የቆየው ምልክት 1,023 ክፍሎች ያሉትን መለያ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ይደጋግማል። ፕሮግራሙም የዚሁኑ መለያ ግልባጭ እያዘጋጀ፣ ማኅተምን ከማኅተም እንደሚያመሳክር ጸሐፊ፣ እስኪገጥም ድረስ ያስተያያል። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት ርቀቱን በ300 ሜትር ያህል ያዛባዋል።

ጥቅሙ በጋሊሊዮ ይታያል። የአውሮፓ ሳተላይቶች አገልግሎት በታኅሣሥ 15 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ሲከፈት፣ ከምልክቶቻቸው አንዱ እንደ ጂ.ፒ.ኤስ. ሁሉ በ1575.42 ሜጋኸርዝ የሚሰራጭ ነበር። ስለዚህ የፊተኛው ክፍሉ በቂ ስፋት ያለው መቀበያ ፕሮግራሙ ብቻ ቢታደስ ሁለቱንም ሊቀበል ይችላል። ኤል 5 የተባለው ምልክት ግን የሚመጣው በ1176.45 ሜጋኸርዝ ነው፤ አንቴናውና ማጣሪያው ያላሳለፉትን ሞገድ ማናቸውም ፕሮግራም ሊያመጣው አይችልም።

እንግዲህ «በሶፍትዌር ይታደሳል» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ገዢ ውል ከመፈረሙ በፊት መሣሪያው የትኞቹን ሞገዶች እንደሚያሳልፍ፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ፣ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚፈጅ፣ የታደሰውንም ፕሮግራም ማን፣ እስከ መቼ እንደሚያቀርብ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይገባዋል። ፕሮግራም ሊታረም ይችላል፤ በጠባቡ የተሠራ አንቴና ግን የሚታረመው በሌላ ግዢ ብቻ ነው።