ወለል ከስሩ ይመረጣል

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚያስጨርስ ሰው የወለሉን ነገር ብዙውን ጊዜ የሚወስነው የሴራሚክ መደብር ውስጥ ቆሞ ነው። መብራቱ ደማቅ ነው፤ ናሙናዎቹ ያብረቀርቃሉ፤ ወሬው ሁሉ ስለ ቀለምና ስለ ካሬ ዋጋ ነው። ቤቱ ተገብቶ ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ጠዋት ከአልጋ ሲወረድ እግር የሚቆረጥመው ለምንድን ነው? ተለጥፎ ያለቀ ሴራሚክ አንድ ቀን ጮሆ የሚነሳው ለምንድን ነው? ፓርኬው ሐምሌ ላይ አብጦ ጥር ላይ የሚከፈተውስ? መልሱ ያለው በቁሳቁሶቹ ተፈጥሮ ውስጥ ነው፤ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ማወቁ ይሻላል።

ከቅዝቃዜው እንነሳ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ጠዋት የቤቱ ሙቀት 18 ዲግሪ ነው እንበል፤ ሳሎኑ ሴራሚክ፣ መኝታ ቤቱ ጣውላ ነው። ሁለቱም ወለሎች በቴርሞሜትር ቢለኩ እኩል 18 ዲግሪ ናቸው። ባዶ እግር ግን ልዩነቱን ወዲያውኑ ይለየዋል። ምክንያቱም የቆዳችን ነርቮች የሚለኩት የራሱን የቆዳችንን ሙቀት ነው፤ ቆዳው ደግሞ በነካው ነገር ዓይነት ቶሎ ወይም ቀስ ብሎ ሙቀቱን ያጣል። ሴራሚክና ድንጋይ ሙቀትን ከእንጨት ብዙ እጥፍ ያስተላልፋሉ፤ ከባድ ስለሆኑም ብዙ ሙቀት ይውጣሉ። ሲሰላ፣ 30 ዲግሪ የሞቀ የእግር መዳፍ ያንን ሴራሚክ ሲረግጥ መነካኪያው ወደ 23 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ጣውላውን ሲረግጥ ግን 27 ገደማ ላይ ይቆማል። ይህች የአራት ዲግሪ ልዩነት ናት ጠዋት ጠዋት ጫማ የምታስፈልገን።

ይኸው ባሕርይ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ ወይም ሰመራ ላይ በረከት ነው። እዚያ ከሰዓት በኋላ ከሚነድ አየር ገብቶ ሴራሚክ ወይም ሊሾ ላይ በባዶ እግር መቆም ሰውነትን ያሳርፋል። ስለዚህ ድሬዳዋ ያለ ዘመድ ያሞገሰው ወለል ደብረ ብርሃን ላለ ቤት አይሠራም። በደጋ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው ቢያንስ አልጋው አጠገብና ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ምንጣፍ ያስብ። የምንጣፉ ጸጉር በመካከሉ አየር አፍኖ ይይዛል፤ ረግቶ የቆመ አየር ደግሞ ሙቀት እንዳያልፍ ከሚከለክሉት ነገሮች ዋነኛው ነው።

ከንጣፉ በፊት ግን ከስሩ ያለው መታየት አለበት። ቦሌን በመሳሰሉ ሜዳማ የአዲስ አበባ አካባቢዎች መሬቱ ጥቁር አፈር፣ መረሬ ነው። ይህ አፈር ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን በብዛት ይዟል። ማዕድኑ የተሠራው እጅግ ከሳሱ ንብርብሮች በመሆኑ ውሃ በመካከላቸው እየገባ ያሳብጠዋል፤ በበጋ ውሃው ሲወጣ ተመልሶ ይሰነጠቃል። ቤቱ ራሱ ጥልቅ መሠረት ስላለው ሊጸና ይችላል። መሬት ላይ የተኛው የምድር ቤት ወለል ግን ከአፈሩ ጋር ይነሳል፣ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቦታ የተነጠፈ ውድ ግራናይት ከርካሹ ሴራሚክ እኩል ይሰነጠቃል። መፍትሔው ጥቁሩን አፈር ቆርጦ ማውጣት፣ በድንጋይ ድርድርና በገረጋንቲ እየደለደሉ መተካት፣ ገረጋንቲውንም በስስ በስሱ እየነሰነሱ መጠቅጠቅ ነው። በአንድ ጊዜ ሞልቶ ከላይ ብቻ መጠቅጠቅ ታች ያለውን ልል ትቶት ይሄዳል። ሥራው ካለቀ በኋላ ስለማይታይ ባለቤቱ በዓይኑ ማየት ያለበት ይህንን ቀን ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሴራሚክ ልጠፋውን ቀን ቢቀር ይቅር።

እርጥበትም አለ። ኮንክሪት ላይ ላዩን ደርቆ ውስጡ ለወራት ርጥብ ሊሆን ይችላል፤ የምድር ቤት ከሆነ ደግሞ ከአፈሩ ውሃ ይስባል። ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፎ ዙሪያውን በፕላስተር ማሸግ፣ ከዚያም ቢያንስ ለ16 ሰዓት መተው ነው። ሲነሳ ከስሩ ላብ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ እንጨትም ሆነ ፒቪሲ ለማንጠፍ ገና ነው።

አሁን ወደ ሴራሚኩ። ገበያ ላይ በአንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች በጣም የተለያዩ ናቸው፤ ዋናው መለያቸውም የሚስቡት የውሃ መጠን ነው። የግድግዳ ሴራሚክ ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ውሃ ሊመጥ ይችላል። በተለምዶ ፖርስሊን የሚባለው ግን 1,200 ዲግሪ ገደማ በሆነ እሳት ስለሚተኮስ የጭቃው ቅንጣቶች ከፊል ቀልጠው እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ የሚመጠው ውሃ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። ለወለል፣ በተለይ ለደጃፍና ለበረንዳ፣ የሚሻለው ይኸኛው ነው። ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ከሌለ ጀርባው ላይ ውሃ ጠብ ማድረግ ጥቂት ይነግራል። ጠብታው ወዲያው ከጠፋ ብዙ የሚመጥ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤት የሚያበላሽ ነገር አለ። የቆየው የለጣፊዎች ልማድ ሴራሚኩን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ በሲሚንቶና በአሸዋ ቡኬት መለጠፍ ነው። ለሚመጠው ሴራሚክ ልክ ነው፤ የሲሚንቶው ክሪስታሎች ጀርባው ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ አድገው ይጨብጡታል። ፖርስሊን ግን ቀዳዳ የለውም ማለት ይቻላል። ሲሚንቶው የሚጨብጠው አያገኝም፤ መዘፍዘፉም የሚጨምረው አንዳች ነገር የለም። ለዚህ ፖሊመር የተቀላቀለበት የሴራሚክ ማጣበቂያ ያስፈልጋል፤ እሱም በጥርሳም ማንኪያ በሙሉ ጀርባው መዳረስ አለበት። አራት ጥግና መሃል ላይ ብቻ ጉብ ጉብ አድርጎ መለጠፍ ከስሩ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ከባድ ነገር ሲወድቅበት የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ሥራውን ሲረከቡ በሳንቲም መታ መታ እያደረጉ ማዳመጥ ነው። ባዶው ድምፁ ይለያል።

ጮሆ የሚነሳው ሴራሚክ ምክንያቱ ሌላ ነው። አዲስ ኮንክሪት ሲደርቅ በአንድ ሜትር ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሸመቅቃል፤ ስድስት ሜትር ርዝመት ባለው ሳሎን ይህ 3 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ላዩ ላይ ያለው ሴራሚክ ግን አይሸመቅቅም። ሴራሚኮቹ ያለ ክፍተት ተገጣጥመው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ከደረሱ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ማጣበቂያው የደከመበት ቦታ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይነሳሉ። ኮንክሪቱ እስኪደርቅ መታገስ፣ በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር መተው፣ ግድግዳው ጥግ ደግሞ ዞኮሎው የሚሸፍነው ክፍተት ማስቀረት ይበቃል። “ክፍተቱ ጠባብ ሲሆን ያምራል” የሚለውን ምክር አልቀበለውም።

ስለ መንሸራተትም ሳልናገር አላልፍም፤ ወገቧ የተሰበረ እናት ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ደረቅ ሆኖ የማያንሸራትት አብረቅራቂ ሴራሚክ ሲረጥብ ይለወጣል፤ ስስ የውሃ ሽፋን በእግርና በወለሉ መካከል ገብቶ ሰበቃውን ያጠፋዋል። በጀርመን የመለኪያ ደንብ ንጣፎች ከአር9 እስከ አር13 ይመደባሉ። ሰው ጫማ አድርጎ ዘይት የፈሰሰበት ተዳፋት ላይ እየተራመደ፣ ተዳፋቱ ቀስ በቀስ እየቀና ነው የሚለካው። ካርቶኑ ላይ ይህ ምልክት ካለ ለማዕድ ቤት አር10 ወይም ከዚያ በላይ፣ ለውጭ ደረጃ አር11 መፈለግ ይገባል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ አብረቅራቂ ሴራሚክ ማንጠፍ፣ በተለይ አዛውንት ባሉበት ቤት፣ ስህተት ነው።

እብነ በረድ ውበቱ አያጠያይቅም፤ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣውም የራሳችን ሀብት ነው። ግን ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ሲፈስበት አሲዱ ላዩን ይበላዋል። የሚቀረው ደብዛዛ ቦታ ቆሻሻ ስላልሆነ በእጥበት አይለቅም፤ እንደገና መሞረድ ይፈልጋል። ዘይትና በርበሬ የሚንጠባጠብበት ማዕድ ቤት ውስጥ ባላነጥፈው እመርጣለሁ። ግራናይት ሲሊኬት ስለሆነ ሎሚውን ይችለዋል። በአሮጌ የአዲስ አበባ ቤቶች የምናየው ቴራዞ፣ የእብነ በረድ ስብርባሪ በሲሚንቶ ተይዞ የተሞረደው፣ ያለ አግባብ ተረስቷል፤ ሲያረጅ ተሞርዶ እንደገና አዲስ ይሆናል።

እንጨት በወርዱ ይተነፍሳል። አየሩ ሲረጥብ ውሃ ስቦ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፤ በቁመቱ ግን ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በክረምትና በበጋ መካከል የጣውላው ርጥበት በአራት በመቶ ቢለዋወጥ 10 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ሳንቃ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል ወይም ይጠባል። አራት ሜትር ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ሳንቃ አርባ አለ። ስለዚህ እንጨቱ ከመነጠፉ በፊት በደንብ መድረቅ፣ ዳር ዳሩም ክፍተት ሊኖረው ግድ ነው። በደንብ ሳይደርቅ የተነጠፈ ባሕር ዛፍ ይጣመማል። ላሚኔት የሚባለው ደግሞ የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት ላይ የእንጨት ምስል ያለው ወረቀት የተለጠፈበት ነው፤ ላዩ መቧጨርን ይችላል፣ ጠርዙ ግን ውሃ ከጠጣ አብጦ አይመለስም። ወለልን በባልዲ ውሃ ማጠብ ልማዱ ለሆነ ቤት አይሆንም።

ፒቪሲ ለእግር ይሞቃል፣ ዋጋው ይቀላል፣ ውሃም አይፈራም። ጠላቱ ከሰል ነው። ቡና ሲፈላ ከማንደጃው የምትወድቅ ፍም ትበሳዋለች፤ ፒቪሲ ሲቃጠልም ጉሮሮ የሚያቃጥል የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ቡና የሚፈላበት ቦታ ላይ ሰፊ የሴራሚክ ወይም የድንጋይ ገበታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የእሱ ታላቅ የሆነው ሊኖሊየም በእንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራው ከተልባ ዘይት ነበር። ዘይቱ ከአየሩ ኦክስጅን ወስዶ ሲረጋ የቡሽና የእንጨት ዱቄት ይቀላቀልበታል። ተልባ በምታበቅል አገር ይህን ዕውቀት አንስቶ የሚሞክር ባለሙያ ባይ ደስ ይለኛል።

ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው ክብደት ነው፤ 2 ሴንቲ ሜትር እብነ በረድ ከ4 ሴንቲ ሜትር ቡኬት ጋር በካሬ ሜትር 130 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያለውን ንጣፍ ሳያነሱ ላዩ ላይ ሌላ ከመደረብ በፊት መሐንዲስ ይጠየቅ። ሁለተኛው ድምፅ ነው። ሙቀጫ በጠንካራ ወለል ላይ ሲወቀጥ ንዝረቱ በቀጥታ በኮንክሪቱ አልፎ የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ላይ ድምፅ ይሆናል፤ ሴራሚክ ምንም አይቀንሰውም። የሚያቋርጠው ለስላሳ ነገር ብቻ ነው፤ ከሙቀጫው ስር የሚታጠፍ ወፍራም ብርድ ልብስ እንኳ ይረዳል።

እስካሁን ያልኩት ምርጫ ላለው ሰው ነው። በገጠር የብዙ ወገኖቻችን ወለል አፈር ነው። በእበት መለቅለቅ ጥበብ አለበት፤ በእበቱ ውስጥ ያለው የሣር ጭረት አፈሩን ይዞ አቧራውንና ስንጥቁን ይቀንሳል። ሆኖም ውሃ አያግድም፣ ቶሎ ቶሎም መታደስ አለበት። የሙጀሌ እጭ የሚያድገው በደረቅና በላላ አፈር ውስጥ ነው፤ የአንጀት ትላትል እንቁላልም አፈር ላይ ከሚድህ ሕፃን እጅ ወደ አፉ ይሄዳል። በሜክሲኮ ኮአዊላ ግዛት በ2000 እ.ኤ.አ. መንግሥት ለድሃ ቤተሰቦች የአፈር ወለላቸውን በሲሚንቶ መለወጥ ጀመረ። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት የአፈር ወለል ሙሉ በሙሉ ሲቀየር በትንንሽ ሕፃናት ላይ የጥገኛ ትላትል በሽታ በ78 በመቶ፣ ተቅማጥ በ49 በመቶ፣ የደም ማነስ በ81 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የእናቶቹም ጭንቀት ቀነሰ።

ከከተማም ሆነ ከውጭ አገር ለወላጆቻችሁ ቤት ማደሻ የምትልኩ፣ ሶፋውና ቴሌቪዥኑ ይቆዩ፤ መጀመሪያ ወለሉን አሠሩ። ድንጋይና ገረጋንቲ ይደልደል፣ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍበት፣ ኮንክሪት ይሞላ፣ ላዩ ሊሾ ይሁን፤ ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ስለሆነም ለሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ። 30 ካሬ ሜትር ቤት በ8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 2.4 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይወስዳል፤ በሜትር ኩብ 300 ኪሎ ሲሚንቶ ቢታሰብ ባለ 50 ኪሎው ከረጢት 15 ይበቃል።