በሁለቱ ዓመታት መካከል ያሉት አሥር ሳምንታት

ሙያውን ቀይሮ ኢንቨስትመንት ባንክ መግባት የሚፈልግ ሰው ቢዝነስ ትምህርት ቤት ሲያማርጥ መጀመሪያ የሚከፍተው የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። እኔ ምክር ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ መጀመሪያ የትምህርት ካላንደሩን አምጣ።

ኢንቨስትመንት ባንክ ኩባንያዎች አክሲዮንና ቦንድ ሲሸጡ፣ ሲገዛዙና ሲዋሃዱ ያማክራል። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚገባው አናሊስት ነው፤ በኤምቢኤ (በቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) የሚገባው አንድ እርከን ከፍ ብሎ አሶሺየት ይባላል። መሐንዲሱም ወታደሩም ወደ ባንክ የሚያልፉት በዚህ በኤምቢኤው በር ነው።

በአሜሪካ ሁለት ዓመት የሚፈጀው ኤምቢኤ በመካከሉ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ክፍት ጊዜ አለው (ወራቱ የፈረንጆቹ ናቸው)። ተማሪው አሥር ሳምንት ያህል ባንክ ውስጥ እየተከፈለው ይለማመዳል። ለሙያ ቀያሪ ከጠቅላላው ትምህርት ይህ ይበልጥበታል፤ ባንኮቹ ቋሚ አሶሺየቶቻቸውን በአብዛኛው የሚመርጡት ከተለማማጆቹ ነውና። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ በራሱ ሥራ ውስጥ የተሳሳተ ቁጥር ያገኘ ሰው ይናገራል ወይስ ይደብቃል? ይህ በቃለ መጠይቅ አይታወቅም። ልምድ የሌለውን ሰው ደፍረው የሚቀጥሩት ሲሠራ ስላዩት ነው።

የልምምዱ ውድድር ደግሞ የሚጀምረው ተማሪው ገና ደብተሩን ሳይገልጥ ነው። ባንኮቹ በመስከረምና በጥቅምት ግቢ ይመጣሉ፤ ቃለ መጠይቁ ብዙ ጊዜ ጥር ላይ ይጠናቀቃል። ስለዚህ አዲሱን ተማሪ የሚያደርሱት ከልምምድ የተመለሱት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው፤ የኩባንያ ዋጋ እንዴት እንደሚተመን ያስጠኑታል፣ ደጋግመው ይፈትኑታል። እናንተ ግን የፕሮፌሰሮችን ዝና ትጠይቃላችሁ! ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ ባንክ እንደገባ ትምህርት ቤቶቹ በየዓመቱ በሚያወጡት የቅጥር ሪፖርት ላይ ተጽፏል፤ እሱን አንብቡ።

ስም ብቻ እንደማይበቃ ለማወቅ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲን ማየት ነው። ኒውዮርክ ውስጥ፣ ለባንኮቹ ቅርብ፣ በፋይናንስም የታወቀ ትምህርት ቤት ነው። በጥር የሚገቡት ተማሪዎቹ ግን ሰኔንም ሐምሌንም ክፍል ውስጥ ያሳልፋሉ፤ በ16 ወር ይመረቃሉ፣ የልምምድ ጊዜ የላቸውም። ዲግሪው ያው፣ ግቢው ያው፤ ለሙያ ቀያሪ የሚሆነው ግን የነሐሴው መግቢያ ነው። ፈረንሳይ ያለው ኢንሲያድ የተባለው ቢዝነስ ትምህርት ቤት ጋ ነገሩ ይገለበጣል፦ ለልምምድ የሚሆን ክፍተት ያላቸው በጥር የሚገቡት ናቸው።

ሲቪል መሐንዲስ የሆነ የአጎቴ ልጅ «ጋሼ፣ ቶሎ ልጨርስና ደመወዜን ላትርፍ» ብሎ አጭሩን ፕሮግራም ሊመርጥ ነበር። «የምትቆጥበው እኮ የምትሄድበትን ጉዳይ ነው» አልኩት። ተቆጣኝ፤ ካላንደሩን ግን ከፈተ።

በአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ላይ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር፦ ተመራቂ ለ12 ወር መሥራት ይፈቀድለታል፤ ፕሮግራሙ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ የተመዘገበ ከሆነ 24 ወር ማራዘም ይችላል። ከማመልከታችሁ በፊት ጠይቁ።

አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2025 የአክሲዮን ገበያዋን ከፍታለች፤ ይህ ሙያ ለአገር ቤትም እየቀረበ ነው። አሁን ኢንቨስትመንት ባንክ ውስጥ የምትሠሩና ወንበራችሁ የሚጠብቃችሁ ግን እኔን አትስሙ። ለእናንተ አጭሩ ፕሮግራም ይሻላል፤ ልምምዱ ጊዜ ማባከን ነው።