የጥላቻ ጥቃትን በመከላከል የምክር ቤትና የእድር ድርሻ

የጥላቻ ወንጀል ማለት ተጠቂው በሠራው ሥራ ሳይሆን በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በመሰል ማንነቱ ተለይቶ የሚፈጸምበት ጥቃት ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ይህ በአስከፊ መልኩ የታየው አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከተገደለ በኋላ ነው። በሻሸመኔ፣ በአርሲ ነገሌና በባቱ ቤትና ሱቅ ተቃጠለ፤ የባቱው የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ሆቴል እንኳ አልተረፈም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2013 ይፋ ባደረገው ሪፖርት በኦሮሚያ 123 ሰዎች እንደሞቱና ቢያንስ 500 እንደቆሰሉ ገልጿል። ከሟቾቹ መካከል በጸጥታ ኃይሎች የተተኮሰባቸውም ነበሩ።

በዚያው ሪፖርት ላይ ብዙ ተጎጂዎች የድረሱልን ጥሪ አሰምተው በጊዜ የደረሰላቸው እንዳልነበረ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ጎረቤቶቻቸው ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው እንደሸሸጓቸው ሰፍሯል። ለከተማ ምክር ቤት ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ ፖሊስ እስኪደርስ ያለውን ሰዓት የሚይዘው ሰፈሩ ነውና።

ባቱ ኦሮሞው፣ ዛዩ፣ አማራው፣ ጉራጌውና ወላይታው ተጎራብቶ የሚኖርባት ከተማ ናት። የእድር ዳኛ የአባላቱን መዝገብ ይዟል፤ የትኛዋ አሮጊት ብቻቸውን እንደሚኖሩ፣ የማን ቤት አራስ እንዳለ ያውቃል። ምክር ቤቱ የእድር ዳኞቹን፣ የሃይማኖት አባቶችንና የፖሊስ አዛዡን የጥላቻ ወሬ ከመነዛቱ በፊት አንድ ላይ ሊያስቀምጥ ይገባል። በችግር ጊዜ መጠለያ የሚሆነው የትኛው ትምህርት ቤት፣ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ፣ ማን ለማን እንደሚደውል፣ አዛዡም የበላይ ትእዛዝ ሳይጠብቅ መቼ ኃይል እንደሚያሰማራ በዚያ ስብሰባ ይወሰናል። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሲንቄ የተባለውን በትር የያዙ እናቶች በጠበኞች መሃል ሲቆሙ ጠቡ መብረድ አለበት፤ እነሱንም ከዚህ ስብሰባ ማስቀረት ትልቅ ስሕተት ነው።

ለእንዲህ ያለ ጥቃት የሚያነሳሳውን ቅስቀሳ በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት ያስከትላል፤ ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። የቀበሌ አመራር የሚሰማውን ቅስቀሳ ለፖሊስ ካላሳወቀ ግን አዋጁ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ከጥቃት በኋላ ሽማግሌዎችን ወዲያው ለእርቅ ማሰለፍ የተለመደ ነው። እርቁ የክሱን ቦታ ከወሰደ ግን ቤት ያቃጠለው ሰው በነጋታው ከተቃጠለበት ሰው ጋር ገበያ ይገናኛል። የሽማግሌዎች ጉልበት የሚጠቅመው ምስክሮች ሳይፈሩ ፍርድ ቤት እንዲቀርቡና ተፈናቃዮች ወደ ሰፈራቸው እንዲመለሱ ነው። የወደመ ንብረት መዝግቦና ገምቶ ካሣውን መከታተል ደግሞ የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው።