ድሬ ዝም የምትልበት ሕመም

ድሬዳዋ «እርስዎ» የማይበዛባት ከተማ ናት። ከከዚራ እስከ መጋላ ሽማግሌውም ወጣቱም «አንተ» ይባባላል፤ እንግዳ ይደነግጣል፣ የድሬ ልጅ ግን ፍቅሩን የሚገልጸው እንዲህ ነው። ይህ ግልጽነት የማይድን በሽታ የያዛቸው አዛውንት አልጋ አጠገብ ሲደርስ ይቆማል። ሐኪሙ ውጤቱን ለልጆች ለብቻቸው ይነግራል። ልጆች «ጨጓራ ነው» ይላሉ። አባት ገብቷቸውም ቢሆን ልጆቻቸው እንዳያዝኑ «ደህና ነኝ» ይላሉ።

ልማዱ ከክፋት አልመጣም። መርዶን ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ በምንነግርበት አገር ለሰው የራሱን ሞት መንገር ተስፋውን መቀማት ይመስላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። በሽታውን ያልተነገረው ሰው ኑዛዜውን ያዘገያል፣ የሚፈራውን የሚያዋየው ያጣል፣ ሌሊቱን ብቻውን ያነጋል።

ሕመምና ጭንቀት ተለያይተው እንደማይታከሙ አጥብቃ ያስተማረችው እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳውንደርስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የማይድን በሽታ የያዛቸው ሰዎች እንክብካቤ የሚያገኙበትን የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈተች። ሕመም የአካል፣ የስሜት፣ የኑሮና የመንፈስ ስቃይ ተጋምደው የሚፈጥሩት አንድ ነገር ነው ብላ ታምን ነበር። ዛሬም የስቃይ ማስታገሻ ሕክምና የቆመው በዚሁ እምነት ላይ ነው።

በእኛ አዛውንቶች ዘንድ ሐዘን ብዙ ጊዜ በአካል ቋንቋ ይነገራል፤ «ልቤን ያፍነኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»። ምግብ መጥላት፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ደግሞ የካንሰርም የድባቴም ምልክቶች ስለሆኑ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። እኔ ይበልጥ የማምነው ሌሎቹን ምልክቶች ነው፤ የልጅ ልጅ ሲመጣ ፊታቸው አለመፈታቱን፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» እያሉ መደጋገማቸውን። ልጆቹ ባሕር ማዶ ለሆኑበት የምድር ባቡር ጡረተኛ የብቸኝነቱ ድርሻ ከዕጢው አያንስም።

አካላዊውን ሕመም ማስታገስ ከሞላ ጎደል የታወቀ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ባለ ሦስት ደረጃ መመሪያ ከፓራሲታሞል ይጀምርና ለከባድ ሕመም ሞርፊን ላይ ይደርሳል። ፈሳሹ ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ በአፍ ይሰጣል፤ የሆድ ድርቀት መከላከያም አብሮ ይታዘዛል። «ሱስ ያስይዛል» የሚለው ፍርሃት ግን ቤተሰብንም ባለሙያንም ወደ ኋላ ይይዛል። የመድኃኒቱ ክፍፍል ደግሞ ያስቆጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የሕክምና መጽሔቱ የላንሴት ኮሚሽን ዘገባ እንዳሰላው፣ በዓመት ከሚሠራጨው ወደ 300 ሜትሪክ ቶን የሚጠጋ ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ድሃ አገሮች የሚደርሳቸው 0.1 ቶን ብቻ ነበር።

በአገራችን ፈር ቀዳጁ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነው፤ ነርሶቹ የታማሚውን ቤት ያንኳኳሉ። ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። ድሬዳዋ ድል ጮራና ሳቢያን ሆስፒታሎች አሏት፤ ጎረቤት ሐረር ሕይወት ፋና አለ። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ መሄድ ግን ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው፤ አጥንቱ ለሚጠዘጥዘው ሰው እያንዳንዱ ጉድጓድ ሌላ ሕመም ነው። ስለዚህ ለዚህች ከተማ የሚበጃት ቤት ለቤት የሚደረግ እንክብካቤ ይመስለኛል።

ለዚያ የሚሆን ሰው ድሬ አላት። ዕድሩና መሰል መረዳጃው አፎሻ ለቀብር በአንድ ጥሪ ይሰበሰባሉ። የዚያ ጉልበት ጥቂቱ ቀደም ብሎ፣ ታማሚው ሰው ማየት በሚችልበት ጊዜ ቢመጣ፣ አስታማሚዋ ልጅ አንድ ሌሊት ትተኛ ነበር።

እውነቱን መናገርም እንደ ዱብ ዕዳ መሆን የለበትም። የሠለጠነ ባለሙያ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ «ስለ በሽታህ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ? ለማን ልንገርልህ?» አንዳንዱ «ለልጄ ንገራት» ይላል፤ ያም መልስ ነው። ሌላው ዝም ብሎ ይቆይና የንስሐ አባቱን ያስጠራል። ሙስሊሙ ጎረቤቱም ከቤተሰቡ ጀምሮ እስከ ቀድሞ የሥራ ባልደረቦቹ ድረስ ያስጠራና «አፉ በሉኝ» ይላል።